የአለነ አጭር ቤልጅግ

ጠመንጃ የምትወለውል ሴት አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ እኔን እዩኝ። አልጣሽ እባላለሁ። ቤቴ ከብልባላ ወዲህ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሁሉ አህያውን እየነዳ ሲወርድ፣ እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ የባሌን ጠመንጃ ከግድግዳው ኩላብ አወርድና ጭኔ ላይ አጋድሜ እወለውለዋለሁ። ገበያ ወርጄ ምን ልሠራ? ለአንድ ሰው ሆድ ስንት ጨው ይፈጃል?

አለነ የዘመተው በእናት አገር ጥሪ ጊዜ ነው። ታጠቅ የሚሉት ቦታ ወስደው ሌላ መሣሪያ ሰጡት፤ የራሱን ግን ከቤት አላስወጣም። «ይኼ የአባቴ ነው፣ ከማይጨው ይዞት የተመለሰው ነው። ዝገት እንዳይነካብኝ። መጥቼ እረከብሻለሁ» አለኝ። መጥቼ አለኝ እኮ! እኔ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም። አንድ የወገል ጤና ልጅ ሐረር አካባቢ በደህና እንዳየው ነግሮኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። የሱ ነገር ዝም ነው።

የቅሬያችን፣ የለቅሶ ማኅበራችን ሴቶች መጀመሪያ አጽናኑኝ፣ ቀጥለው መከሩኝ፣ በኋላ ተቆጡኝ። አብረውት ከዘመቱት ውስጥ የሚመለሰው ተመልሷል፣ የሞተውም መርዶው መጥቶ ተለቅሶለታል፤ የአለነ ብቻ እንጥልጥል ሆኖ ቀረ። «እርምሽን አውጪ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ብርቅዬማ አንድ ቀን ከምንጩ ስንመለስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ያንቺ ነገር ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፍ አለኝ። «የኔን ባል አንቺ አትቅበሪብኝ፤ ያንቺው ሲሞት ታለቅሻለሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሳት እንኳ ሊጭር ከቤቷ ወደ ቤቴ የመጣ የለም። ሌሎቹም እየቆየ እግራቸው አጠረ። እኔ አልፈርድባቸውም። ሰው የሚያለቅስ ቤት ይገባል፣ የሚደግስ ቤትም ይገባል፤ የሚጠብቅ ቤት ግን ምን ብሎ ይገባል?

እኔም ከጠመንጃው ጋር ማውራት ጀመርኩ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ጠዋት ስነሳ «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። ማታ በር ስዘጋ «ዛሬም አልመጣም» እለዋለሁ። መልስ የለውም፣ ግን እርምሽን አውጪም አይለኝም።

እንዲህ እንዳለሁ የመሣሪያ ትእዛዝ መጣ። በጫካው ሽፍታ በዝቷል፣ ለጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በገበሬ ማኅበሩ ያለ ነፍጥ ሁሉ ከነጥይቱ ማክሰኞ መስኩ ላይ ይቅረብ ተባለ። ተመርምሮ የሚሠራው ይወሰዳል፣ የማይሠራው ለባለቤቱ ይመለሳል። የደበቀ ወዮለት። አዋጁን የነገረን ሊቀመንበሩ ነው፣ ጓድ ከፋለ። የዛሬን አያድርገውና የአለነን በሬ ለውሰት ሲለምን ደጃችን ቆሞ የሚውል ሰው ነበር።

ጠመንጃው ከወጣ ምን ቀረኝ? አለነ ድንገት ያንን በር ከፍቶ ቢገባ፣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ኩላቡ ነው። በባዶ ኩላብ ልቀበለው? ደግሞስ እሱ የሚመጣው ንብረቱን ሊረከብ አይደል? የሚረከበው ከሌለ ለምን ይመጣል? ይህ የሞኝ ሐሳብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ሐሳቧን የሚያርምላት የላትም።

ጠመንጃ መርማሪ ሆነው የታዘዙት አያ አረጋ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመሣሪያ ግምጃ ቤት ነው። በኛ አገር ጠመንጃ ሊገዛ የሚሄድ ሰው እሳቸውን ሳያሳይ አይገዛም። ሰኞ ረፋድ ላይ ደጄ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ደንግጬ ተነሳሁ፤ ቤቴ በር ላይ «ቤቶች» ከተባለ ቆይቷል።

«እስቲ አምጪው፣ ነገ በግርግር ሳይሆን ዛሬ በወጉ ልየው» አሉኝ።

መጀመሪያ ውሃ ጠየቁኝና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ካለበት መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አነጠፉ፣ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ክርስትና የሚያነሱት ልጅ የሰጠኋቸው ነበር የሚመስሉት።

«አጭር ቤልጅግ» አሉ አገላብጠው ሲያበቁ። «ለፈረሰኛ ተብሎ የተሠራ ነው። ረጅሙ ፈረስ ላይ እግር እግር ይላል፤ ይኼ ግን ከጀርባ ጋር ልክክ ነው። አሁን የሚያመጡት መሣሪያ ይተኩሳል እንጂ አያምርም። ይኼን እዪው፣ አንዲት ትርፍ ነገር የለችበትም።»

ጥይት የሚያጎርሰውን ቃታ ብድግ፣ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉት። ሳይንቋቋና ሳይነጫነጭ መጣላቸው። መልሰው ገፉት፤ ደግመው ሳቡት፤ ድምፁን ብቻ ለመስማት ነው እንጂ ሥራ አልነበራቸውም። ከዚያ ቃታውን ጨርሰው አወጡና በባዶው ቦታ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ብርሃን እንዲያንጸባርቅ አድርገው ያዙ፣ በአፈሙዙ በኩልም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ዘገዩ።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?» አልኳቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ልጥገበው» አሉ።

ጠግበው ሲያበቁ ለኔም ያዙልኝ። ስንት ዘመን ስወለውለው በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም። ውስጡ ፈትል እንደሚከር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ብርሃን ነው። አንዲት ነቁጥ የለበትም። እንባዬ መጣ፤ እስከዚያ ቀን ሥራዬን ያየልኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

«በምን ነው የምትወለውይው?»

«በላምባ አጥበዋለሁ። ከዚያ ጨው ያልነካው የበግ ሞራ በስሱ።»

«ይበል» አሉ። ቃታው ላይና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። «ሁለቱ አንድ ናቸው። እናትና ልጅ አልተለያዩም። በዚህ አገር ያላየሁት ጠመንጃ የለም፤ የአንዱ ቃታ የሌላው ነው፣ የሌላው ሰደፍ የዋንዛ ነው። ይኼ እንደተወለደ ያለ ነው።» ከቃታው ፊት ለፊት ሰም የደፈንኩበትን ቦታ ሲያዩ ቀና ብለው አዩኝ። ከፋለ የንጉሥ ምልክት ያለበት ሁሉ ይፋቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአለነን ጠመንጃ በሞረድ የምፍቅ ሴት አይደለሁም። አያ አረጋ ሰሙን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው ዘውድ የደፋውን አንበሳ አዩት፣ መልሰውም በአውራ ጣታቸው ደፈኑት።

የሰደፉ አንገት ላይ ጠፍር ተጠምጥሞበታል። «ይኼንስ ማን አሰረው?»

«አለነ ነው። በሬ ረግጦት ተሰንጥቆ ነበር። ጠፍሩን እርጥቡን አስሮ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ ይኸው እስካሁን ንቅንቅ አላለም።»

«ጥሩ እጅ ነበረው።»

«ነበረው አይበሉ» አልኳቸው።

«አለው» አሉ ቶሎ ብለው። «ጥሩ እጅ አለው።»

ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ ከሚያርፍበት ዘንድ፣ እንጨቱ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል። እዚያ ጋ በጋቢያቸው ጫፍ ሊወለውሉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው። የሽማግሌ እጅ መያዝ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ያንን ቦታ ግን እኔም አልነካውም። የሱ ጉንጭ ያሻሸው ነው፣ ወዙ አለበት። አያ አረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሊሄዱ ሲነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልጣሽ፣ ስሚኝ። ነገ ይኼ ይሠራል ካልኩ ከእጅሽ ወጣ። ስለዚህ የሞተ ነው እላለሁ። ውስጡ ተበልቷል፣ አይመታም እላለሁ። ከፋለ ቢያየውም አያውቀውም። ቅባቱን ጠርገሽ ላዩን አመድ ነስንሺበት። አንቺ ብቻ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ምላስሽን አውቀዋለሁ።»

«ምላሴ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ይኸው» አሉኝ።

«ቢታወቅብዎትስ? ያስሩዎታል እኮ።»

«ጥሩ መሣሪያ የማይወደው ሰው እጅ ሲገባ ማየት ሰልችቶኛል» ብለውኝ ሄዱ። እግራቸው ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አመዱን ነሰነስኩበት። እጄ እሺ አላለኝም፣ ግን ነሰነስኩ። ገደሉን ወርጄ፣ ማዶ ወጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው መስክ ደረስኩ። ወንዱ ሁሉ ተሰብስቧል። ከወይራው ሥር ቁርበት ተነጥፎ ጠመንጃው ተደርድሯል፤ ከሴት እኔና አንዲት የብልባላ መበለት ብቻ ነን ያለነው። አያ አረጋ አንዱን ያነሣሉ፣ ያያሉ፣ «ይሠራል» ይላሉ፣ ከፋለ አጠገብ ወዳለው ክምር ይሄዳል። ሌላውን ያነሣሉ፣ «አይሠራም» ይላሉ፣ ባለቤቱ ሳቁን እየደበቀ ይወስደዋል።

የኔ ተራ ደረሰ። አያ አረጋ ቃታውን ከፈት አደረጉ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይኼ የሞተ ነው። ውስጡን ዝገት ጨርሶታል። ጥይቱ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ነው የሚያውቀው። ትውሰደው» አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ከፋለ ግን ቀደመኝና ጠመንጃውን አንሥቶ በአንድ እጁ ወዘወዘው፤ አመዱ ቦነነ።

«ወይ አለነ!» አለ እየሳቀ። «በዚህ ነው እንዴ በየሠርጉ ሲፎክርብን የኖረው? እኛ ደግሞ መሣሪያ ይዟል ብለን መንገድ ስንለቅለት!»

ሰዉ ሳቀ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ለፉከራማ ማን ያህለው ነበር» አለ አንዱ ከኋላ። አብረውት ወንፈል የገቡ፣ ከማዕዱ የበሉ ሰዎች ናቸው የሚስቁት። ደሜ ፈላ። አያ አረጋን አየኋቸው፤ በዓይናቸው ይለምኑኛል። ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር። ጥርሴን ነክሼ፣ ጠመንጃሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ አልጣሽ፣ አልኩ በሆዴ።

ከፋለ ጠመንጃውን ሲያቀብለኝ «ውሰጂ፣ ምድጃ ትቆሰቁሺበታለሽ» አለኝ። ወደ ሰዉ ዞረና ጨመረበት፤ «መቼም ወንድ የሚታወቀው በመሣሪያው ነው።»

ይቺን አልቻልኳትም። ሰው በሌለበት እንዴት እንዲህ ይባላል? አለነ እዚያ ቢኖር ይቺን ቃል ከፋለ አፉ ውስጥ መልሶ ይውጣት ነበር። አለነ የለም። አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። ጠመንጃው ቢቀርልኝና ስሙ ቢሄድ፣ ሲመጣ የትኛውን ነው የማስረክበው?

«ይሠራል» አልኩ።

«አያ አረጋ አይሠራም አሉ እኮ።»

«አመድ ነስንሼ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ይሠራል።»

አያ አረጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፋለ ገና ሳቁ አልለቀቀውም፤ «እንግዲያው አሳዪና» አለኝ።

ከጥይቱ ከረጢት አንዲት አውጥቼ አጎረስኩ። ከመስኩ ማዶ፣ አፋፉ ላይ፣ ልጆች ወንጭፍ የሚለማመዱባት ነጭ ድንጋይ አለች። ዝንጀሮ ከማሳ እንዳባርርበት መተኮስ ያስተማረኝ አለነ ራሱ ነው፤ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ፣ ምላጩን አትንጪው፣ ለመን አድርጊው ይለኝ ነበር። ተንበረከክሁ። ጉንጬን፣ ከዘመተ ወዲህ ነክቼው የማላውቀው ቦታ ላይ፣ የሱ ጉንጭ ባረፈበት አሳረፍኩ። ለመን አደረግሁት።

ድንጋይዋ ሁለት ሆና ወደ ገደሉ ሄደች። ድምፁ ከገደል ገደል እያስተጋባ ቆይቶ ጠፋ።

የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ «እሰይ፣ የአለነ ሚስት» አሉ። እኔም ቆሜ ከፋለን ዓይን ዓይኑን አየሁት። ደስ አለኝ፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ከፋለ ሳቁን ሰብስቦ «ጥሩ ነው፣ ይኼማ የኛ ነው» አለና እጁን ዘረጋ።

ሰጠሁት። ጥይቱንም ሰጠሁት። መንግሥትን ለማታለል ያደረግሽው ነገር ይታሰብብሻል ብሎ ዛተብኝ፣ ግን መሣሪያው አስደስቶት ስለነበር ብዙም አልገፋበት። አያ አረጋን ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ግን ተነሡና፣ ለኔ ሳይሆን ለሰዉ ሁሉ፣ ጮክ ብለው ተናገሩ። «ይኼ ለፈረሰኛ የተሠራ አጭር ቤልጅግ ነው። ቃታውና ብረቱ አንድ ቁጥር ነው። እዚህ ከተደረደረው ሁሉ የሚስተካከለው የለም። አያያዙን ያየ ባለቤቱን ያውቀዋል።» ይህን ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ወደኔ አላዩም።

ጠመንጃውን ለአንድ ጎረምሳ ጓድ ሰጡት። እንደ ከብት መንጃ በትር ከመሀሉ ጨብጦ ያዘው። «ዝናብ አታስነካው» አልኩት። አልሰማኝም መሰለኝ። ሰዉ ገና ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ወደ ቤት አቀናሁ።

ገደሉን ስወርድ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ደስ የማይል መቅለል። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ለአለነ የምነግረውን ማሰናዳት ጀመርኩ። ስምህን ሰደቡብኝ፣ እኔም መለስኩልህ፣ እለዋለሁ። ደግ አደረግሽ ይለኛል። ይለኝ ይሆን? ወይስ እኔ ያልኩሽ ጠብቂው ነው፣ ማን ተኩሺ አለሽ ይለኛል? ድምፁን ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ከማሳው ሲመለስ ከሩቅ ሲጣራ የነበረውን ድምፅ ስፈልግ ስፈልግ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ያ ተኩስ ብቻ ሆነ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ።

ዳገቱን ጨርሼ ወደ መንደሩ ስቃረብ ዋይታ ሰማሁ። የማን ቤት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ቢኮርፉኝም ለሞት ይቀራል እንዴ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። አጥሩን ስዞር ግን የሚለቀስበት ግቢ የኔ ነው።

በኛ አገር ወንድ ሲሞት ጥይት ይተኮሳል፤ ያንን የሰማ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ከፋለ ተኩስ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ መንደሩ አንዲት ጥይት ሰምቶ አያውቅም። ወንዶቹ ማዶ መስኩ ላይ ናቸው፤ ቤት የቀሩት ሴቶችና አቅመ ደካሞች የሰሙት አንድ ተኩስ ብቻ ነው። የማን ጠመንጃ እንደሆነም አላጡትም፤ የሱን ድምፅ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። አልጣሽ መርዶ ደርሷት የባሏን ጠመንጃ አስተኮሰች፣ እርሟን ልታወጣ ነው ብለው ግቢዬን ሞልተውታል። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አለነን በስሙ እየጠሩ ያለቅሳሉ። አንዷ እርሻውን ታነሣለች፣ አንዷ ደግነቱን። የቤቴን በር ከፍተው ሣር ጎዝጉዘውልኛል።

ብርቅዬ ቀድማ አየችኝ። እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ የኔ ጠላት፣ እሳት መጫር የተወችብኝ። «እህቴን! እህቴን! ያልኩሽን ሁሉ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ማን አረዳሽ? መርዶውን ማን አመጣልሽ?» አለችኝ።

ስሕተት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ማንም አላረዳኝም፣ አለነ አልሞተም፣ ወደየቤታችሁ ሂዱልኝ ልል ነበር። ብላቸው ኖሮ ይሄዱ ነበር። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ግቢዬን አየሁት። ስንት ዘመን ሰው ያልቆመበት ግቢ በሰው ተሞልቶ መቆሚያ የለውም። በበሩ በኩል ደግሞ ግድግዳው ይታየኛል፣ ኩላቡም ባዶውን።

«እኔው ነኝ» አልኳት። «እኔው ነኝ ያመጣሁት።»

ደግማ አልጠየቀችኝም። ሻሼን ፈታችልኝ፣ ወገቤን በነጠላዬ አሰረችኝ፣ መሀላቸው አስገብታ አስቀመጠችኝ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔም አለቀስኩለት።